ጋራንቲው ያለቀበት ትንሽ ካሜራ፦ የጥገና ማስታወሻ

ጥር 12

ካሜራው ትናንት ጃን ሜዳ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ዋለ። ዛሬ ጠዋት ማብሪያውን ስጫነው ሌንሱ እስከ ግማሽ ወጣና ቆመ። ከውስጥ ክርርር የሚል ድምፅ ተሰማ። ትንሽ ወደ ኋላ ተመለሰና እዚያው ደረቀ። ስክሪኑ ላይ የሌንስ ስህተት አለ፣ አጥፍተው ያብሩ የሚል መልእክት መጣ። ከዚያ ጢጥ ጢጥ ብሎ ጠፋ። አንዴ ደግሜ አበራሁት። እዚያችው ቦታ ላይ ቆመ። ከዚህ በኋላ አልነካሁትም። የሆነ ነገር ይዞት ከሆነ በእያንዳንዱ ሙከራ ሞተሩ ከዚያ ነገር ጋር ነው የሚታገለው።

እህቴ ከሜሪላንድ ስትመጣ ለእማዬ ያመጣችላት ካሜራ ነው። ኪስ ውስጥ ይገባል። ሲበራ ሌንሱ ይወጣል፣ ሲጠፋ ይገባል፣ 10 እጥፍ ያቀርባል። ጋራንቲው የአንድ ዓመት ነበር፣ ኅዳር ላይ አለቀ። ባያልቅም ለእኛ ብዙ አይጠቅመንም ነበር። ካርዱ ላይ በተገዛበት አገር ብቻ እንደሚያገለግል ተጽፏል።

ስልክ አይበቃም ወይ ለሚለኝ መልስ አለኝ። ታቦቱ ሲያልፍ ከሕዝቡ ጀርባ ቆሞ በስልክ ማቅረብ ማለት፣ አብዛኛው ስልክ ላይ፣ ምስሉን መለጠጥ ነው። ፊት ይደበዝዛል፣ የጥላው ጥልፍ ይጠፋል። ይሄ ካሜራ የሚያቀርበው ግን መስታወቶቹን በእርግጥ አንቀሳቅሶ ነው። የእማዬም እጅ ለምዶታል። አንድ አዝራር ትጫናለች፣ ታነሳለች፣ በቃ።

ሰው እንዲህ ሲያጋጥመው "ሞተ" ይልና መሳቢያ ውስጥ ይጥለዋል። እኔ መክፈቴ አይቀርም። ከመክፈት በፊት ግን ምልክቱን ማንበብ ይቀድማል፤ የሁሉም ካሜራ አሟሟት አንድ አይደለም።

ጭራሽ ምላሽ የማይሰጥ ከሆነ የሚጠረጠረው ባትሪው ነው፣ ወይም ባትሪውን የሚነኩት ብረቶች፣ ወይም የባትሪው ክዳን መዘጋቱን የምታረጋግጠው ትንሽ ማብሪያ። ክዳኑ በደንብ ካልገጠመ ብዙ ካሜራ አይበራም። ሜኑው እየታየ ምስሉ ብቻ ጥቁር ከሆነ ሹተሩ፣ ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ፣ አልተከፈተም ይሆናል። ምስሉ ሐምራዊ ሆኖ ከተዘበራረቀ ወይም መስመር መስመር ከሆነ ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል ወደሚያደርገው ሴንሰር ማየት ነው።

የሴንሰሩ ነገር ታሪክ አለው። በ2005 እ.ኤ.አ. ካኖን፣ ኒኮን፣ ፉጂ፣ ኦሊምፐስና ሌሎችም ተከታትለው ተመሳሳይ ማስታወቂያ አወጡ። ሶኒ የሠራቸው አንዳንድ ሴንሰሮች ሙቀትና እርጥበት ሲበዛባቸው ውስጣቸው ያለው ቀጭን ሽቦ ይላቀቅ ነበር። አምራቾቹ ጋራንቲው ያለቀውንም ቢሆን በነፃ እንጠግናለን አሉ። ስለዚህ ካሜራ ድንገት ሲቆም አምራቹ ስለዚያ ሞዴል ያወጣው ማስታወቂያ መኖሩን መፈለግ ዋጋ አለው። የእማዬን ሞዴል ፈለግኩ። ምንም የለም።

የዚህኛው ችግር ደግሞ ሌላ ነው። ስክሪኑ ይበራል፣ ይጽፋል፣ ይጮኻል። ሞተሩም ይንቀሳቀሳል። የቆመው ሌንሱ ብቻ ነው።

አሠራሩን ላስፍር፣ ነገ ሥራዬን የሚመራው እሱ ነው። ሌንሱ አንዱ በአንዱ ውስጥ የሚገቡ ቱቦዎች ነው። የቱቦዎቹ ጎን ላይ ትንንሽ ሹሎች አሉ። ሹሎቹ በቀጣዩ ቱቦ ውስጥ በሰያፍ በተቆረጡ ቦዮች ይሄዳሉ። ስለዚህ ቱቦው ሲዞር በቦዩ እየተመራ ወደ ፊት ይወጣል። የምታዞረው በጣም ትንሽ ሞተር ናት። ጉልበቷ በተከታታይ በገጠሙ የፕላስቲክ ማርሾች በኩል ይደርሳል። በማርሾቹ መንገድ ላይ ዙሪያዋ የተከፋፈለ ትንሽ ጎማ አለች። በአንድ በኩል ለዓይን የማይታይ ብርሃን ይበራል፣ በሌላው በኩል ብርሃኑን የሚያይ ሌላ ትንሽ ሴንሰር አለ። ጎማዋ ስትዞር ብርሃኑ ይቆረጣል፣ ይመለሳል፣ ይቆረጣል። ፕሮሰሰሩ ያንን እየቆጠረ ሌንሱ የት እንደደረሰ ያውቃል።

ቆጠራው ከተቋረጠስ? ሞተሩን ወደ ኋላ መልሶ ይሞክራል። አሁንም ካልመጣ ኤሌክትሪኩን ያቋርጣል፣ መልእክቱን ይጽፋል፣ ይጠፋል። ሞተሩ እንዳይቃጠል ነው። እንግዲህ የእማዬ ካሜራ አልሞተም። የሚጠብቀው ቁጥር ስላልመጣ ራሱን አቁሟል። የእኔ ሥራ ቁጥሩን ምን እንደከለከለው ማግኘት ነው።

ተጠርጣሪዎቹ አቧራና ጸበል ናቸው። ትናንት ሁለቱም ነበሩ።

ጥር 13

ከሁሉም በፊት ፎቶዎቹ። ካርዱን አውጥቼ ኮምፒውተር ላይ ገለበጥኩ። የጥምቀቱ ሁሉ አለ። ካህናቱ፣ ሽብሸባው፣ እማዬ ከጎረቤቶቿ ጋር ነጠላዋን አጣፍታ። ካሜራው ውስጥ ምንም ይሁን ምን እነዚህ ወጥተዋል። አሁን በተረጋጋ እጅ መሥራት እችላለሁ።

ካርዱን መልሼ አስገባሁና በማብሪያው ፈንታ የተነሱትን ፎቶዎች የሚያሳየውን አዝራር ይዤ ቆየሁ። በብዙ ትንንሽ ካሜራዎች ላይ ይሄ አዝራር ሌንሱን ሳያወጣ ካሜራውን ያበራል። በራ። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አሳየኝ። ቦርዱ፣ ስክሪኑ፣ ካርድ አንባቢው ደህና ናቸው ማለት ነው። ይሄን አዝራር መጫን ምንም አያስከፍልም፣ የሚሰጠው መረጃ ግን ግማሹን ጥርጣሬ ያስወግዳል።

ባትሪውን በቴስተር ለካሁት፣ 4.1 ቮልት። ሊቲየም ባትሪ ሲሞላ 4.2 አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ጥሩ ይመስላል። ግን ቁጭ ብሎ ሲለካ ጥሩ የሚመስል ያረጀ ባትሪ ሞተር ሲያዞር ሊወድቅ ይችላል። የሌንስ ስህተት የሚባለው ነገር አንዳንዴ የደከመ ባትሪ ብቻ ነው። ከጎረቤት ተመሳሳይ ባትሪ ተውሼ ሞከርኩ። ሌንሱ እዚያው ቆመ። ባትሪው ነፃ ወጣ።

ጸበሉም እንዲሁ። የባትሪው ብረቶች ላይ አረንጓዴም ነጭም ዝገት የለም። የሌንሱ መስታወት ውስጥ ጉም የለም። ብዙ ሰው ሩዝ ውስጥ ቅበረው ይላል። እኔ አላደርገውም። ሩዝ ዱቄት አለው፣ ዱቄት ደግሞ ለሌንስ ሌላ አቧራ ነው። እርጥበት ቢኖር ባትሪውን አውጥቶ ክፍት አድርጎ ነፋሻ ቦታ ማቆየት ይሻላል።

አሁን አቧራው። ቀጭን ወረቀት በጠባቡ ቆርጬ በቱቦዎቹ መካከል ባለው ክፍተት ዙሪያውን በቀስታ አስኬድኩት። ወረቀቱ ቡናማ ሆኖ ወጣ። የጃን ሜዳ አፈር ነው፣ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም። ካሜራውን ወደ ታች ደፍቼ በጎማ መንፊያ ነፋሁት፣ እንደገና ወረቀት፣ እንደገና መንፊያ። ሳበራው ሌንሱ ከበፊቱ ትንሽ አለፍ ብሎ ወጣ። ከዚያ ያው ክርርር፣ ያው መልእክት።

ግማሽ መፍትሔ ነው። ቱቦዎቹ መሃል የነበረው ወጥቷል፣ ሌላ ቦታ ግን ሌላ ነገር አለ።

በየቦታው የሚመከሩ ሁለት ነገሮችን ሆን ብዬ ተውኩ። አንዱ ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ ማንኳኳት ነው። ለአንዳንዱ ሰው ሠርቶለታል፣ አምናለሁ። ነገር ግን ቱቦውን የሚሸከሙት ሹሎች የፕላስቲክ ናቸው፣ አንዱ ከቦዩ ከዘለለ ሌንሱ ይጣመማል። ሁለተኛው የቅባት መርጫ ነው። ቅባቱ መስታወቱ ላይ ይደርሳል፣ የሹተሩን ስስ ቅጠሎች ያጣብቃል። ያኔ አንድ ችግር የነበረው ሁለት ይሆናል።

ጥር 15

ከእህቴ ጋር ተነጋገርን። እዚያ ላለ ጥገና ደውላ ጠይቃለች። ሌንስ ከሆነ የማይጠገን፣ ሙሉ በሙሉ የሚቀየር ነው አሏት። ዋጋው ያገለገለ ካሜራ ይገዛል። መላኪያው ሲጨመር ነገሩ አለቀ።

"ሌላ ልግዛላት?" አለችኝ።

"ቆይ እስቲ፣ እኔ ልየው" አልኳት።

ጥር 16፣ ቅዳሜ

ድሮ ፒያሳ የነበሩ፣ አሁን ወደ መርካቶ የዞሩ አንድ አዛውንት ጠጋኝ ጋ ሄድኩ። ያሺካና ዜኒት የሚባሉትን የድሮ የፊልም ካሜራዎች ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ጠረጴዛቸው ላይ አሁን የሚበዛው ሰዓትና ሬዲዮ ነው።

"ጋሼ፣ ሌንሱ መንገድ ላይ እየቆመ ነው" አልኳቸው።

"ወድቋል?"

"አልወደቀም። ጥምቀት ላይ አቧራ ገብቶበት ነው።"

ጆሯቸው ላይ አስጠግተው አበሩት። ድምፁን ሰሙ። ወዲያው አጠፉት።

"ማርሹ ጋ ደርሷል። እኔ ዓይኔ አይችልም እንጂ እከፍትልህ ነበር። አንተ ክፈተው። ግን ስማኝ ልጄ፣ ካሜራ ስትከፍት የምትፈራው ሌንሱን አይደለም፣ ፍላሹን ነው። ባዶ ሳታደርገው እጅህን እንዳታስገባ። እኔን አንዴ እስከ ክርኔ መቶኛል።"

ከዚያ የሚያስፈልገኝን አንድ በአንድ ነገሩኝ። 000 ቁጥር ካቻቪቴ፣ ሹሉ ያልተበላ። የጃፓን ካሜራ የብሎን መስቀል ከተለመደው ትንሽ ስለሚለይ፣ በማይገጥም ካቻቪቴ ከተገፋ ጭንቅላቱ ይበላል፣ ከዚያ በኋላ ማውጣት ጣጣ ነው። ጫፉ የቀጠነ ወረንጦ። የፍላሹን ጉልበት ቀስ አድርጎ የሚያፈስ 2 ሺህ ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር። ንጹሕ አልኮል፣ የቁስሉ ሳይሆን ውኃ የሌለበት ዓይነት። ሬዚስተሩን ከራሳቸው ሳጥን አውጥተው ሰጡኝ፣ ገንዘብ አልተቀበሉም።

መለዋወጫ የለም ወይ ስላቸው ሳጥናቸውን አሳዩኝ። የእኛን የሚመስል የለም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የጃፓን የካሜራ አምራቾች ማኅበር በሚያወጣው ቁጥር፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ከ120 ሚሊዮን በላይ ዲጂታል ካሜራ ለዓለም ገበያ ተልኮ ነበር። በ2020 ከ9 ሚሊዮን በታች ወረደ። የወደቀው ደግሞ በዋናነት ይሄው የኪስ ካሜራ ነው፣ ቦታውን ስልክ ወሰደበት። ማንም የማይገዛውን ካሜራ ማርሽ ማን ያስመጣል?

ጥር 17፣ እሑድ

ዛሬ ተከፈተ። ከቅዳሴ መልስ ጀምሬ እስከ ምሽት ቆየሁ። አንድ በአንድ እጽፈዋለሁ፣ ተመሳሳይ ችግር ያለው ሰው ሊጠቀምበት ይችላል።

ጠረጴዛው ላይ ነጭ አንሶላ አነጠፍኩ። ብሎን ሲወድቅ ነጭ ላይ ይታያል፣ አይንከባለልም። ወረቀት ላይ የካሜራውን ቅርጽ ከስድስቱም አቅጣጫ ሣልኩ፣ በላዩ ሁለት ፊት ያለው ፕላስተር ለጠፍኩ። ከታች ቀኝ የወጣው ብሎን ሥዕሉ ላይ ከታች ቀኝ ይለጠፋል። ይሄ የጥንቃቄ ትርፍ አይደለም። ብሎኖቹ ርዝመታቸው ይለያያል። ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ከሥር ያለውን ቦርድ ሊወጋ ይችላል።

ባትሪና ካርድ ወጣ። የጎንና የታች ብሎኖች ወጡ። የኋላው ሽፋን በጥፍር ቀስ ተደርጎ ሲላቀቅ ስክሪኑ ታየ። ስክሪኑ ከቦርዱ ጋር በፍሌክስ፣ ማለትም በስስ ጠፍጣፋ ገመድ፣ ተያይዟል። ፍሌክሱን መሳብ አያስፈልግም። ሶኬቱ ላይ ትንሽ ጥቁር መቆለፊያ አለ፣ በጥፍር ወደ ላይ ሲነሳ ፍሌክሱ በራሱ ይለቃል። መቆለፊያው ከተሰበረ ግን ካሜራው ማለቁ ነው፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ቸኮል ማለት የለም።

የፊት ሽፋኑ ሲነሳ የፍላሹ ካፓሲተር፣ ለብልጭታው ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍል፣ ብቅ አለ። ጥቁር ድብልብል ነገር ነው፣ ጎኑ ላይ 330 ቮልት ይላል። ባትሪው 3.7 ቮልት ብቻ ሆኖ ይሄ ከየት መጣ ለሚል ሰው፣ ቦርዱ ላይ ያለች ትንሽ ትራንስፎርመር ናት ወደ 300 ቮልት አካባቢ ከፍ አድርጋ የምትሞላው። ባትሪው ከወጣ በኋላም ያ ጉልበት ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ይቆያል።

አንድ እጄን ከጠረጴዛው አርቄ በቴስተር ለካሁ። ከ200 ቮልት በላይ! ካሜራው ከትናንት ጀምሮ አልበራም።

ሬዚስተሩን ጫፋቸው በጎማ በተሸፈነ ሽቦዎች አስሬ ሁለቱን እግሮች አስነካሁ። እንደገና ለካሁ፣ 2 ቮልት አይሞላም። ትንሽ ቆይቼ ደግሜ አስነካሁ፣ ካፓሲተር ትንሽ ጉልበት መልሶ ሊያሳይ ስለሚችል። በካቻቪቴ እግሮቹን አገናኝቶ ማፈንዳት የሚመክሩ አሉ። አልስማማም። ብልጭታው እግሮቹን ይበላል፣ በአጠገቡ ያለውን የቦርድ ክፍል ይዞ ሊሄድ ይችላል። ከሁሉም በላይ እጅ ያስደነግጣል፣ የደነገጠ እጅ ደግሞ ፍሌክስ ይቀድዳል።

ከዚህ በኋላ ሰላም ነው። የሌንሱ ክፍል በሦስት ብሎን ተይዟል። ፍሌክሱን አላቅቄ አወጣሁት። ከጀርባው የምስሉ ሴንሰር አለ፣ ብሎኖቹ ላይ ሙጫ ተደርጎባቸዋል። እነዚህን አልነካሁም፣ ማንም ባይነካቸው እመክራለሁ። ፋብሪካው ሴንሰሩን ከሌንሱ ጋር ያስተካከለው በእነሱ ነው። ትንሽ ከተዛነፉ ከዚያ በኋላ የሚነሳው ፎቶ ሁሉ በአንድ ጎኑ ይደበዝዛል።

የማርሾቹ ክዳን በጎን በኩል ነው። ከማንሳቴ በፊት ከየአቅጣጫው በስልክ ፎቶ አነሳሁ። ክዳኑ ሲነሳ ማርሾች ከቦታቸው መዝለል ይወዳሉ፣ የቱ ከቱ በላይ እንደነበር ማስታወስ አይቻልም። በቀስታ ከፈትኩ።

እዚያ ነበር። አቧራው ከግሪሱ ጋር ተለውሶ እንደ ወፍራም ሽሮ ሆኗል። መሃሉ ላይ፣ በሁለት ማርሾች ጥርስ መካከል፣ አንዲት የምታብለጨልጭ የአሸዋ ቅንጣት ተቀርቅራለች። በወረንጦ አነሳኋት። ብርሃን ላይ ይዤ አየኋት። የካሜራውን ቆጠራ ያቋረጠችው እሷ ናት።

ጥጥ የተጠቀለለበት ስስ እንጨት በአልኮል እያረጠብኩ ማርሾቹን አንድ በአንድ ጠረግኩ። ብርሃኑን የሚያየውን ሴንሰር በደረቅ ጥጥ ብቻ ነካሁት። ማርሾቹ ወጥተው ሳለ የቱቦውን ቀለበት በጣቴ ሳዞረው ሌንሱ ከዳር እስከ ዳር ያለ ምንም መንቀራፈፍ ወጣ፣ ገባ። ቱቦዎቹ ንጹሕ ናቸው፣ ሹሎቹም ደህና።

ማርሾቹን ግን በአጉሊ መነጽር ሳያቸው ነጯ ላይ ሁለት ጥርሶች ተበልተዋል። ቅንጣቷ መሃል ገብታ ሞተሩ ሲገፋ ነው የታጨዱት። በዚህ ማርሽ ብመልሰው ለጊዜው ሊሠራ ይችል ይሆናል። አንድ ቀን ግን ሰርግ ላይ ወይም ልደት ላይ ተመሳሳይ ቦታ ላይ ይቆማል። አልመልሰውም።

ሁሉንም በክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ አድርጌ ዘጋሁ።

ጥር 19

በማጣበቂያ ጥርስ መሥራት ይቻላል የሚል አየሁ። ለመኪና መስኮት ማርሽ ይሆን ይሆናል። እዚህ ጥርሱ በቀጭን መርፌ ጫፍ የሚለካ ነው፣ ትንሽ ከወፈረ ቀጣዩን ማርሽ ይይዛል። ተውኩት።

በምትኩ የተሻለ ነገር አገኘሁ። አምራቾች አንድን የሌንስ ክፍል በስማቸው ብቻ በሚለያዩ በርካታ ሞዴሎች ውስጥ ይጠቀማሉ። እንግዲህ የምፈልገው ያንኑ ካሜራ ሳይሆን ያንኑ ሌንስ ነው። መለያው ቀላል ነው፣ የሌንሱ ፊት ላይ ዙሪያውን የተጻፉት የትኩረት ርቀትና የቀዳዳ ስፋት ቁጥሮች። እነሱ ከተመሳሰሉ፣ የቱቦዎቹም ቅርጽ አንድ ከሆነ፣ ማርሹ አንድ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ቁጥሮቹን ጽፌ ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

ጥር 23፣ ቅዳሜ

ምናለሽ ተራ። የተጣለ ነገር ሁሉ ሁለተኛ ዕድሜ የሚያገኝበት ቦታ ነው። ቆርቆሮው፣ በርሜሉ፣ የሬዲዮው ሆድ ዕቃ። ቆራሌው ከየሰፈሩ የሰበሰበው እዚህ ይደርሳል፣ ይፈታል፣ ይደረደራል፣ ይሸጣል። እዚህ የሚሠሩት ሰዎች ስለ ዕቃ የሚያውቁት ብዙ ነው፣ የሚገባቸውን ያህል ክብር ግን አላገኙም።

አንዱ ጋ ማዳበሪያ ሙሉ የቻርጀር ገመድ ሥር ካሜራዎች ነበሩ። ቁጥሮቼን አውጥቼ አንድ በአንድ አየሁ። ብዙው የተለየ ነው። ወደ መጨረሻው ላይ ስሙ ሌላ፣ ቀለሙ ሌላ፣ የሌንሱ ቁጥሮች ግን ቁርጥ የእኛ የሆነ አገኘሁ። ስክሪኑ ተሰንጥቋል።

"ይሄ አይሠራም ወንድሜ፣ ኋላ እንዳትቀየመኝ" አለኝ ሻጩ በቅንነት።

"ሌንሱን ብቻ ነው የምፈልገው" አልኩት።

ባትሪያችንን ይዤ ነበር የሄድኩት። አስገብቼ አበራሁ። ስክሪኑ ጥቁር ነው፣ ሌንሱ ግን ሙሉ በሙሉ ወጣ፣ ስነካው አይወዛወዝም፣ ሲጠፋ ተመለሰ። ትንሽ ተከራክረን በዋጋ ተስማማን። ያገለገለ ለመለዋወጫ የሚገዛ ሰው የሚገጥም ባትሪ ይዞ ይሂድ። ካልሆነ ዕድሉን ነው የሚገዛው።

ጥር 24፣ እሑድ

የተገዛውን ከፈትኩ። እዚህም መጀመሪያ ፍላሹን ባዶ ማድረግ። ትናንት ስላበራሁት ሙሉ ነበር።

ሌንሱን እንዳለ አንስቼ ወደ እማዬ ካሜራ ማዛወር እችል ነበር፣ ሥራውም ያጥራል። አላደረግኩትም። የእያንዳንዱ ሌንስና ሴንሰር የማስተካከያ ቁጥር ፋብሪካ ላይ ተለክቶ የራሱ ቦርድ ውስጥ ይቀመጣል። የአንዱን ሌንስ ከሌላው ቦርድ ጋር ባገናኝ ሊሠራ ይችላል፣ ጥራቱ ግን እንደነበረው ላይሆን ይችላል። ማርሿን ብቻ ማዛወር የሚሻለው ለዚህ ነው።

ማርሿ አንድ ናት። ጥርሷን ቆጠርኩ፣ ከአሮጌዋ ጋር አስተያየሁ፣ ልክክ አለች። ባለፈው እሑድ ያነሳሁትን ፎቶ እያየሁ ሁሉንም በቦታው መለስኩ። ግሪስ ያደረግኩት በመርፌ ጫፍ ነው፣ ለፕላስቲክ የሚስማማውን ነጩን። የበዛ ግሪስ አቧራ ይሰበስባል፣ ከዚያም የጎማዋን ብርሃን ወደሚያየው ሴንሰር ይደርሳል።

ለመሞከር የሚያጓጓው ሽፋኑ ሳይዘጋ ነው። ያ አደገኛ ነው። ካሜራው ሲበራ ፍላሹን ወዲያው ሊሞላ ይችላል፣ ከላይ የጻፍኩት 300 ቮልት ማለት ነው። ሽፋኖቹን ገጥሜ፣ ዋና ዋናዎቹን ብሎኖች አስሬ፣ ከዚያ ባትሪ አስገባሁ።

አበራሁት። ሌንሱ ወጣ። አንደኛው ቱቦ፣ ሁለተኛው፣ እስከ ጫፍ። ክርርር የለም። ስክሪኑ ላይ ቀን ሙላ የሚል መጣ፣ ባትሪ ሳይኖረው ስለቆየ ሰዓቱን ረስቷል። በፈረንጁ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 1 ብዬ ሞላሁለት። እልል ማለት ቀረሽ እማዬ። ከጓዳ ድምፁን ሰምታ ነው የመጣችው።

መውጣቱ ብቻ አይበቃም። ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ካሜራውን መጻሕፍት ላይ አስቀምጬ አነሳሁ። ሳላቀርብ፣ ግማሽ አቅርቤ፣ ሙሉ አቅርቤ። ኮምፒውተር ላይ የአራቱን ማዕዘን ፊደል አነበብኩ። ሳላቀርብ ሁሉም ጥርት ያለ ነው። ሙሉ ሲያቀርብ የታችኛው ግራ ማዕዘን ትንሽ ይለሰልሳል። ከዚህ በፊት የተነሱትን አሮጌ ፎቶዎች አወጣሁና አየሁ፣ እነሱም ላይ ያው ነው። ከመጀመሪያው የሌንሱ ጠባይ ነው እንጂ የእኔ ሥራ ያመጣው አይደለም። ሰማይ ብቻውን ሳነሳ ላይኛው ጥግ ላይ አንዲት ደብዛዛ ነጥብ አለች። ይሄ ሴንሰሩ ላይ ያረፈ አቧራ ነው።

ፍላሹ ይሠራል። ቪዲዮው ይሠራል፣ ድምፁም ይቀዳል።

የካቲት 1

ሳምንቱን እማዬ ስትጠቀምበት ሰነበተች። አልቆመም። የሌንሱ ድምፅ ከድሮው ዝቅ ያለ ነው፣ አዲሱ ግሪስ ይመስለኛል።

ለጋሼ ወስጄ አሳየኋቸው። ጆሯቸው ላይ አስጠግተው አበሩት፣ አጠፉት፣ እንደገና አበሩት። "ጎሽ" አሉ። ሬዚስተሩን ልመልስላቸው ስል "ያዘው፣ ነገ ሌላ ትከፍታለህ" አሉኝ።

ከእማዬ ጋር የተስማማነው አንድ ነገር አለ። አቧራ ባለበት ቦታ ካሜራው በዚፕ በሚዘጋ የላስቲክ ከረጢት ይቀመጣል፣ አንስታ ስትጨርስ ወዲያው ታጠፋዋለች። አቧራ የሚገባው ሌንሱ ወጥቶ ሲቆይ ነው። ከዚያ ሲመለስ ቱቦው የያዘውን ሁሉ ይዞ ይገባል። የሚቀጥለው ከተራ ሳይደርስ ዙሪያውን በወረቀት እጠርገዋለሁ።

የተገዛው ካሜራ ቀሪ አካል በዕቃ ተደርጎ ተቀምጧል፣ ካፓሲተሩ ባዶ መሆኑ ላዩ ላይ ተጽፎ። ሌንሱ፣ ሹተሩ፣ የባትሪ ክዳኑ ለሌላ ቀን ይሆናሉ።

የቀረችው ሴንሰሩ ላይ ያለችው ነጥብ ናት። ለማውጣት እነዚያን ሙጫ ያለባቸውን ብሎኖች መፍታት ያስፈልጋል። ሰው ሲነሳ ነጥቧ አትታይም፣ ባዶ ሰማይ ላይ ብቻ ነው የምትለየው። ስለዚህ አልከፍተውም።